የጋሽ ሽቦን ዛፍ ማን አሰጠማት?

እትዬ ስፌት ያን ቀን ጠዋት ወደ ባሏ ክፍል የገባችው መጋረጃ ልትገልጥ ብቻ ነበር። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። መጋረጃውን ሳብ ስታደርግ ክንዷ መስኮቱ ደፍ ላይ የተቀመጠችውን ድንክ ዛፍ ነካ አደረጋት። ነካ ነው ያልኩት፤ አልገፋቻት፣ አልመታቻት። አንዱ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ከግንዱ ተላቆ ወለሉ ላይ ዱብ አለ።

«በሞትኩት!» ብላ ጎንበስ አለችና አነሳችው። ተሰብሮ ቢሆን ምንም አልነበር፤ እንጨት ይሰበራል። ይሄ ግን የተሰበረ አይመስልም፤ ሟሙቶ ነው የወደቀው። ድሮ እንደ ካፖርት ቁልፍ ወፍራምና ጠንካራ የነበሩት ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ውሃ ቋጥረዋል። አንዱን በአውራ ጣቷ ጫን ብትለው ፍርጥ አለና እጇን አረጠባት። ግንዱን ከታች ስትዳብሰው እንደበሰበሰ ሙዝ ወደ ውስጥ ገባላት። እጇን ሰብሰብ አድርጋ በቀሚሷ ጠረገች።

ባሏ ጋሽ ሽቦ አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ ያያታል።

«አንተ፣ ይቺን ዛፍህን አይተሃታል?»

«አርጅታ ነው» አለ። በሽታው ከጣለው ወዲህ ምላሱ ከብዶታል፤ ቃሉን እየጎተተ ነው የሚያወጣው።

«ትናንት ያላረጀች ዛሬ አረጀች?»

«ተያት» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከቅርንጫፉ መውደቅ የበለጠ ያስደነገጣት ይሄ «ተያት» ነው። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ሰውዬውን ማወቅ አለባችሁ።

ጋሽ ሽቦ ኤሌክትሪሺያን ነበር። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ቁራጭ ሽቦ ጠፍቶ አያውቅማ። ሥራ ውሎ ሲመጣ የተረፈችውን የመዳብ ሽቦ ይዞ መስኮቱ ሥር ቁጭ ይላል። የዛፏን አንድ ቅርንጫፍ በሽቦው ጠምጥሞ ትንሽ ጎንበስ ያደርጋታል፤ ከዚያ ወራት ይጠብቃል፤ ሽቦውን ይፈታል፤ ደግሞ በሌላ በኩል ይጠመጥማል። ቦንሳይ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ገና ጎረምሳ ሳለ የጀመራት ናት፤ ከእትዬ ስፌት በፊት ነው ዛፏን ያወቃት። እሷም በተናደደች ቁጥር «ጣውንቴ» ትላት ነበር። እንዲህ ሲል ሲል፣ ከስንዝር ብዙም የማታልፍ፣ ግን ዓይን ጠበብ አድርገው ሲያዩዋት ሰው ሁሉ የሚጠለልባት ትልቅ ዋርካ የምትመስል ዛፍ ወጣችለት።

ሕጉ አንድ ነው፦ ውሃ እንዳታበዙባት። «ይቺ ውሃዋን በቅጠሏ ቋጥራ የምትኖር ናት። ሳትጠማ ያጠጣት ገደላት» ይላል። የክብሪት እንጨት አፈሩ ውስጥ ሰክቶ፣ አውጥቶ፣ ከንፈሩ ላይ አስነክቶ፣ ደረቅ መሆኑን ካላወቀ ጠብታ አይሰጣትም። አንድ ጊዜ አጎቱ ሊጠይቋቸው መጥተው፣ ደግ የሠሩ መስሏቸው፣ ጠጥተው የተረፋቸውን ውሃ ዛፏ የተተከለችበት ማሰሮ ውስጥ ደፉ። «ነፍሰ ገዳይ!» ብሎ ጮኸባቸው፤ በገዛ አጎቱ ላይ! ሽማግሌው ኮታቸውን አንስተው ወጡ፤ ስንት ጊዜ ደጃቸውን ሳይረግጡ ኖሩ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት የመጣ እንግዳ ብርጭቆውን የሚይዘው በሁለት እጁ ነው።

እንግዲህ ይሄ ሰው ነው ዛፉ ዓይኑ ሥር ስትበሰብስ «ተያት» የሚለው።

ስትሮክ የመታው ሥራ ላይ እንዳለ ነው። ከመሰላሉ በገዛ እግሩ ወርዶ፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ፣ «እጄ ተኛብኝ» አለ፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ የገባው በሰው ሸክም ነው። ሆስፒታል ከርሞ ሲወጣ ከመላ አካሉ የሚታዘዝለት ግራ እጁ ብቻ ሆነ። እትዬ ስፌት አልጋውን መስኮቱ ጥግ አስጠጋችለት፤ ዛፏንም እንዳይናፍቃት በግራ በኩል፣ እጁ በሚደርስበት ደፍ ላይ አደረገችለት። እሷ ከግድግዳው ወዲያ፣ የፊተኛው ክፍል ውስጥ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ትምህርት ሊከፈት ነው፤ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ልኬት በሙሉ እሷ ጋ ነው። ልብስ ሰፊ ከሆነች ጀምሮ በቀጠሮ ዋሽታ አታውቅም ይባላል፤ ይሄ ደግሞ በልብስ ሰፊዎች ዘንድ ከተአምር የሚቆጠር ነገር ነው። ልጅ የላቸውም። ቤቱ ውስጥ እሷና እሱ ናቸው። እሷ ናት የምትሰፋው፣ የምታበስለው፣ የምታጥበው፣ የምታገላብጠው።

ያን ሰሞን ያስጨነቃት ደግሞ ዛፏ ብቻ አልነበረችም። በዚያው ሳምንት ክሊኒክ ወስዳው ነበር። ሐኪሟ፣ ፊቷ ፈካ ያለ ወጣት ሴት፣ የምርመራውን ውጤት ስታይ ፊቷ ጨለመ።

«ሰውነታቸው ደርቋል። ኩላሊታቸው እየተጎዳ ነው። ውሃ አይጠጡም እንዴ?»

እትዬ ስፌት ቱግ አለች። «ውሃ? ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ጠዋት አንድ ኮዳ፣ ቀን አንድ ኮዳ፣ ወደ ማታ አንድ ኮዳ ሞልቼ አጠገቡ አስቀምጥለታለሁ። ጠብታ ተርፎ አያውቅም! ባዶውን ነው የማነሳው!»

ሐኪሟ ወደ ጋሽ ሽቦ ዞረች። «አባባ፣ እውነት ይጠጣሉ?»

«እጠጣለሁ።»

«እንጃ» አለች ሐኪሟ፣ «ምርመራው ሌላ ነው የሚለው። በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ። እንዲሁ ከሆኑ እናስተኛቸዋለን።»

ማስተኛት የምትለዋ ቃል እትዬ ስፌትን ልቧን ስንጥቅ አደረገችው። ባለፈው ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ የወጣው ጀርባው ላይ መዳፍ የሚያክል ቁስል ይዞ ነው። በታክሲ ወደ ቤት ሲመለሱም ክንዷን በግራ እጁ ጨብጦ፣ «ሁለተኛ እዚያ ብታስገቢኝ የምታወጪው ሬሳዬን ነው» ብሏታል። ጋሽ ሽቦ ቀልድ ያውቃል፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም። ስለዚህ ለእሷ የሆስፒታል አልጋና የሬሳ ሣጥን አንድ ናቸው። እንዴት ብላ ታትርፈው? ሰው ውሃ ሲጠጣ እየዋለ እንዴት ይደርቃል? ኮዳውን ባነሳች ቁጥር «ጎበዝ!» ትለዋለች፤ እሱ ግን ከንፈሩ እንደ ክረምት ጫማ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል።

አሁን ደግሞ ዛፏ። ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው፤ በግራ እጁ ቅጠሏን ሲዳብስ ይውላል። «ይቺ ዛፍ ከሞተች ይከተላታል» የሚል ፍርሃት ያዛት። አፈሩን በጣቷ ነካ ብታደርገው ጭቃ ነው። ውሃ ያዘለ ጥቁር ጭቃ። እሷ ያጠጣችበትን ቀን ማስታወስ እንኳ አትችልም።

ታዲያ ማን አሰጠማት?

ወደዚያ ቤት ዘወትር የሚገባ ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የባሏ ታናሽ እህት፣ ዋርሳዋ። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ከሰዓት ሥራዋን ጨርሳ፣ ቅንድቧ ላይ ዱቄት እንዳለ፣ ወንድሟ ጋ ትቀመጣለች፤ ያኔ እትዬ ስፌት ክርና ዚፕ ልትገዛ ትወጣለች። ዋርሳዋ ደግ ናት። ደግነቷ ግን አያስቀምጣትም፤ ድመት አይታ ሳታጎርስ አታልፍም። እትዬ ስፌት ይሄን ስታስታውስ ነገሩ ሁሉ የተገለጠላት መሰላት። «ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ» ይባላል፤ እሷን የያዛት ድንጋጤ ግን ለሥሩ ጊዜ አልሰጣትም። ዋርሳዋ በር ከፍታ ስትገባ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ያዘቻት።

«አንቺ ነሽ አይደል?»

«ምኑን እትዬ?»

«ዛፏን ውሃ የምትግቻት! የወንድምሽን ጠባይ እያወቅሽ!»

«እኔ?» አለች ዋርሳዋ፣ ትኩስ ዳቦ ያለበትን ፌስታል ደረቷ ላይ እንዳቀፈች። «ኧረ ወንድሜን! እኔ እኮ ያቺን ዛፍ ፈርቼ ቀና ብዬም አላያት! አጎታችንን ያባረረች ዛፍ!»

«ታዲያ ማን ነው? ግድግዳው ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ወንድም ጋሼን ጠይቂዋ፣ እሱ አይደል አጠገቧ የሚውለው?»

«በሽተኛ ላይ ልታላክኪ? በአልጋ በተያዘ ሰው? እፍረት የሚባል አልፈጠረብሽም!»

እትዬ ስፌት በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ክፉ ቃል ተናግራት አታውቅም። ዋርሳዋ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ያለውን ዱቄት መስመር እያወጣበት ወጣች። ከወዲያኛው ክፍል ጋሽ ሽቦ ሁሉንም ይሰማል። ትንፍሽ አላለም።

እትዬ ስፌት ዛፏን ከነማሰሮዋ በዩኒፎርም ጨርቅ ቁራጭ ጠቅልላ፣ ለባሏ «መጣሁ» ብላ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ወዳለው ችግኝ ሻጭ ሮጠች። ሰውዬው የመኪና ማቆሚያ አጥር ሥር ነው የሚሸጠው። ወሬኛ ነው፤ ጋሽ ሽቦን ደግሞ በደንብ ያውቀዋል፤ ጠጠር የሚገዛው ከእሱ ነበር።

«እትዬ፣ በዚህ ዕድሜ አራስ ሆንሽ እንዴ?» ብሎ ጨርቁን ገለጥ አደረገው። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። «ወይ ጉድ! ይቺ የጋሽ ሽቦ አይደለችም? ምን አደረጋችኋት? ዓሣ ልታረቡባት ነው?»

«አድንልኝ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ነገር አታብዛብኝ።»

ማሰሮውን ዘንበል ቢያደርገው ከታች ጥቁር ውሃ ወረደ። ሽታው የተዘጋ ቧንቧ ነው። ዛፏን ከነአፈሯ ጎትቶ አወጣትና ሥሮቿን በባልዲ ውሃ አለቀለቃቸው። እትዬ ስፌት እነዚያን ሥሮች ስታይ አፏን ያዘች። ቡናማ፣ ዝልግልግ ያሉ፣ በጣት ሲያዙ ቆዳቸው እየተገፈፈ የሚቀር።

«ሥር እኮ ይተነፍሳል እትዬ» አለ ችግኝ ሻጩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይቺን አፍነው ነው የገደሏት። ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። በየቀኑ፣ ሳይታክት፣ አስቦበት ነው ያጠጣት። ጠላት እንኳ እንዲህ አይተጋም።»

«ሞታለች እያልከኝ ነው?»

«ላይ ላዩ እስትንፋስ አላት። መቁረጥ ነው ያለብን። አንቺ ቁረጪ፤ የኔ እጅ ለአካፋ ነው የተፈጠረው።»

አዲስ ምላጭ ሰጣት። አንዴ በቆረጠች ቁጥር ምላጩን በአልኮል ይጠርግላታል፣ ብስባሹ ወደ ጤነኛው እንዳይሻገር። መጀመሪያ ሥሮቹ ሄዱ፤ አንድም አልተረፈ። ከዚያ የግንዱ ታች። የቆረጠችውን ፊት አየችው፤ መሐሉ ላይ ቡናማ ክብ አለ። «ጨምሪ» አለ። ጨመረች። አሁንም ቡናማ ነው። «ጨምሪ።» ስንት ሺህ ሜትር ጨርቅ ያለ ማመንታት የቆረጠች ሴት፣ አሁን በቆረጠች ቁጥር ሰውዬውን ቀና ብላ ታየዋለች። ባሏ ስንት ማታ የተጎነበሰበት ያ ወፍራም ግንድ፣ ያ ሰው ሁሉ «የስንት ዓመት ነው?» የሚለው ግንድ፣ የመዳብ ሽቦው እንደተጠመጠመበት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገባ። አረንጓዴና ንጹሕ ሥጋ ላይ ስትደርስ እጇ ላይ የቀረው አውራ ጣት የምታህል ጉቶና አንዲት ቅርንጫፍ ናት። ጥቂት ቅጠል አላት።

«በል አፈር ስጠኝ» አለች።

«አፈር የለም።»

«እሺ ውሃ...»

«ውሃ? ኧረ እትዬ፣ ልብ ይስጥሽ! ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማሽም?» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። «ጋዜጣ ላይ አስተኚያት፤ ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያገኛት ቦታ። የተቆረጠው ደርቆ ቅርፊት እስኪይዝ አፈርም ውሃም አትይ። ከዚያ ጠጠርና አሸዋ የበዛበት አፈር ውስጥ ትተክያታለሽ። ከተከልሽም በኋላ ለውሃ አትቸኩዪ፤ ይጠማት፣ ሥር የምታወጣው ስትጠማ ነው። ካወጣች ተረፈች።»

«ካላወጣችስ?»

«ካላወጣች አላወጣችማ። ለጋሽ ሽቦ ሰላም በይልኝ።»

ወደ ቤት ስትመለስ ቅርንጫፏን ለባሏ ማሳየት አልደፈረችም። የፊተኛው ክፍል ውስጥ፣ ጨርቅ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ ጥግ ላይ፣ ጋዜጣ አንጥፋ አስተኛቻት። በሩ ላይ ቆማ የሆነውን ነገረችው። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማትና፣ «እህቴን ይቅር በያት» አለ።

«እንዴት አድርጌ? አንተን ነው የጎዳችህ።»

«እሷ አይደለችም» አለ። እሷ ግን ለእህቱ አዝኖ የሚናገር መሰላት። ኮዳውን ሞልታ አጠገቡ አስቀመጠችና ወደ ዩኒፎርሟ ተመለሰች።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይላሉ። በማግስቱ ምሳ ይዛ ስትገባ ኮዳው ሙሉ ነው። መጀመሪያ «ሞልቼው ነበር ለካ» አለች ለራሷ፤ ሥራ በዝቶባታል፣ ትረሳለች። ከሰዓት ስትገባ አሁንም ሙሉ ነው። ክዳኑ እንኳ አልተነካም።

«ምነው ዛሬ አልጠጣህም?»

«አልጠማኝም።»

ይሄን ሲላት ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቆ በግድ ነው የተላቀቀለት። ሰማችው። ኮዳውን አነሳች፤ ከበደ። ስንት ሳምንት ሙሉ ባዶና ቀላል ኮዳ ነበር የምታነሳው። ዛሬ ምን ተለየ? ቀና ስትል መስኮቱ ደፍ ላይ ዓይኗ አረፈ። ማሰሮው ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ክብ የውሃ እድፍ ይዟል። እድፉን አየች። ኮዳውን አየች። ከዚያ ብርድ ልብሱ ላይ የተዘረጋውን ግራ እጁን አየች፤ ከእጁ እስከ እድፉ ያለው ርቀት ክንድ አይሞላም።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አንተ ነህ» አለች።

ግራ እጁን ብርድ ልብሱ ሥር ደበቀው።

«አንተ ነህ ያሰጠምካት። ጠዋቱንም፣ ቀኑንም፣ የማታውንም፣ ሞልቼ የሰጠሁህን ሁሉ!»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም! ሰፈሩ ይስማ! አጎትህን በአንዲት ጉንጭ ውሃ ነፍሰ ገዳይ ያልክ ሰው፣ እያወቅክ?»

«እያወቅኩ።»

«ለምን? ምን አድርጋህ? እኔስ ምን አድርጌህ?»

ዓይኗን ማየት አፈረ። ጣራ ጣራውን እያየ፣ «ከጠጣሁ ይመጣብኛል» አለ።

«ምኑ?»

«ሽንቱ።» ምራቅ ለመዋጥ ሞከረ፤ የሚዋጥ አልነበረም። «ሽንቱ ከመጣ አንቺን መጥራት ነው። ስጠራሽ ማሽኑ ይቆማል። እሰማዋለሁ እኮ፣ ግድግዳው ስስ ነው። ማሽኑ ይቆማል፣ ወገብሽን ይዘሽ ስትነሺ ታቃስቻለሽ፣ ከዚያ 'መጣሁ' ትያለሽ። ታነሺኛለሽ፣ ፖፖውን ታቀርቢያለሽ፣ ታጥቢኛለሽ። ሄደሽ ገና መርፌው ውስጥ ክር ሳታስገቢ ደግሞ ይመጣብኛል። ራሴ ልያዘው ብዬ አልጋውን አጥለቀለቅኩት፣ አንሶላ ስታጥቢ ዋልሽ። ዳይፐሩ ቁስሌን አባሰው። ሌሊትም አለ። አንዱን ሌሊት ጠርቼሽ መጥተሽ፣ ፖፖውን እንደያዝሽ ግድግዳ ተደግፈሽ፣ ቆመሽ ተኛሽ። ቆመሽ! እኔ አየሁሽ፣ አንቺ አላወቅሽም።» ግራ እጁን አንስቶ ዓይኑ ላይ አደረገው። «ከዚያ ወዲያ ውሃውን ለሷ ሰጠኋት።»

እነዚያ «ጎበዝ!» ያለችባቸው ቀኖች ሁሉ መጡባት። ባዶውን ኮዳ እያወዛወዘች ስትስቅለት፣ እሱ ጥሙን ይዞ ተኝቶ ነበር። ውሃው እጁ ላይ ነበር፤ ክዳኑን በጥርሱ ከፍቶ፣ ከንፈሩ እየተሰነጠቀ፣ በዓለም ላይ ከሁሉ አስበልጦ በሚወዳት ዛፍ ላይ ያፈስሰው ነበር። ምን እያደረገ እንደሆነ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ዛፉንም ራሱንም እየገደለ ነበር፣ እሷ ከወንበሯ እንዳትነሳ።

«አንተ ጅል!» አለች፤ እንባዋና ሳቋ አንድ ላይ መጡ። «ያገባሁት ማሽኑን ነው እንዴ? ንገረኛ! ማሽኑ ቢቆም ምን ይሆናል? ዩኒፎርሙ ቢዘገይ ልጆቹ በአሮጌው ይማራሉ! አንተን ግን ከየትኛው ጨርቅ ነው ደግሜ የምሰፋህ?»

«ደክሞሻል እኮ።»

«አዎ ደክሞኛል! ማን አልደከመኝም አለህ? ወገቤ ተቆርጧል፣ እንቅልፍ ናፍቆኛል! ግን የደከመኝ አንተን ላኖር ነው። ድካሜን ለዛፍ ስታጠጣ ከረምክ!»

ይሄን ሲሰማ ጋሽ ሽቦ አለቀሰ። ታውቃላችሁ፣ ሲያለቅስ እንባ እንኳ የወረደው በጭንቅ ነው፤ ከየት ይምጣ?

ኮዳውን ከፍታ አፉ ላይ ያዘችለት። «በሞቴ» አለችው። አንድ ጉንጭ ወሰደ። «በሞቴ፣ ሌላ።» ትን አለው፤ ደረቱን አሸችለት። ቀና እያደረገችው፣ እያረፈ፣ እስከ ታች ጠጣው። እሷም ከእንግዲህ ባዶ ኮዳ አይታ የምታምን ሴት አይደለችምና ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ዓይኗን አልነቀለችም። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ዋርሳዋ ጋ ደወለች።

«ይቅር በይኝ የኔ እህት። ወንድምሽ ነው።»

ዋርሳዋ በአፍንጫዋ ሳብ ሳብ እያደረገች፣ «እሱን ጠይቂው አላልኩሽም?» አለች። ምክንያቱን ስትሰማ ግን ስልኩን እንደያዘች ጮኸች፤ ዳቦ ቤቱ በሙሉ «ምን ሆነሽ?» ሲላት ይሰማል። ሌሊት ሌሊት ተራ እንግባ አለች፤ «እህቴ ባታየኝ፣ አፍራለሁ ቢል አትስሚው፣ እኔ ሕፃን ሳለሁ እሱ አጥቦኝ የለ!» አለች።

እትዬ ስፌት ወደ ፊተኛው ክፍል ተመለሰች። መጠጣቱ እኮ ግማሹ ነው። ይጠራታል ወይ? ሲመጣበት ጥርሱን ነክሶ ይዞት ይተኛል ወይስ ይጠራታል? ካልጠራት ነገ ደግሞ ላለመጠጣት ሌላ ዘዴ አያጣም፤ የሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮም አይቀርም። ጆሮዋ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ቀረ።

በዚህ መሐል የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መጡ። ሲስቁ ያያቸው ተማሪ የለም የሚባልላቸው ሴት ናቸው። ዩኒፎርሙ ምን እንደደረሰ ሊያዩና፣ እግረ መንገዳቸውን የራሳቸውን ጃኬት ሊለኩ ነው። እትዬ ስፌት አለበሰቻቸው፤ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ እጅጌውን ማሳጠር ጀመረች።

«ይሄ ጋዜጣ ላይ የተኛው ምንድነው?» አሉ ዳይሬክተሯ።

«የታመመች ዛፍ ናት» አለች፣ በስፒሎቹ መሐል። «እንዳይነኩብኝ። ውሃም እንዳይሰጧት።»

«ዩኒፎርሙስ? በቀጠሮው ይደርሳል?»

«አይደርስም።»

ዳይሬክተሯ ደነገጡ። እትዬ ስፌት ቀጠሮ ስታፈርስ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። እሷ ግን ልብ አላለቻቸውም። አንዱን እጅጌ ሰካች። ከወዲያ ምንም ድምፅ የለም። ሁለተኛውን እጅጌ ያዘች። ምንም የለም። «ይዞታል፤ ያ ግትር፣ ይዞታል» አለች በሆዷ።

«አንቺ!»

የጋሽ ሽቦ ድምፅ ነው። ወፍራም፣ ጎታታ፣ ግን ጮክ ያለ። «አንቺ! ነይ! መጣብኝ!»

ስፒሎቹ ከአፏ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ወንበሩን ገፍታ፣ ዳይሬክተሯን አንድ እጅጌያቸው ተሰክቶ ሌላው ተንዘላዝሎ ትታ ሮጠች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ሳይነግሩ ማለፍ ከበዳትና ዞር አለች።

«ባሌ ሽንቱ መጣ!» አለች፣ ፊቷ በእንባ ርሶ፣ እየሳቀች።

ዳይሬክተሯ ክው ብለው አዩዋት። ግራ ገባቸው፤ ጃኬቱን አስተካከሉ፤ ምን ይባላል? በመጨረሻ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት፣ ከልባቸው።